ማሽኑስ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጅበት

ሳል ከያዛችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ ይህን አንብቡት። እናንተ ደህና ሆናችሁ የሚያስል ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አንብቡለት።

ሐኪም አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ፤ ሱቄ ከአራዳ ገበያ ብዙም አይርቅም። መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም የተለመደው መድኃኒት የማይገድለው ቲቢ ይዞኝ ነበር። ታክሜ ድኜ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ስለ በሽታው ብዙ ማውራት ይቻላል፤ እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ አክታ ምርመራው ነው። ብዙ ሰው እንደ ፎርማሊቲ ያየዋል። ኩባያው ላይ እንትፍ ይላል፣ "ይደወልልዎታል" ይባላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቃ። እኔ ደግሞ ሕክምናዬን ያቃናው ያ ምርመራ ነው።

ማሽኑ ጂን ኤክስፐርት ይባላል። አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ካለ ደግሞ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነ አብሮ ይናገራል። የሚፈጅበት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አልትራ የሚባለው አዲሱ ካርትሪጅ (አክታው የሚገባበት ፕላስቲክ ዕቃ) ከዚያም ያንሳል፤ 80 ደቂቃ አካባቢ ነው። ድሮ ባክቴሪያው መድኃኒት ይላመድ አይላመድ ለማወቅ ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ግድ ነበር። የቲቢ ባክቴሪያ ደግሞ ሲያድግ አይቸኩልም። ሳምንታት ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ይሞላል። እስከዚያ ታማሚው የማይሠራለትን ኪኒን እየዋጠ፣ ቤተሰቡ መሃል እያሳለ ይቆያል።

ስለዚህ ማሽኑ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጊዜ የሚበላው ከማሽኑ በፊትና ከማሽኑ በኋላ ያለው ነገር ነው። እዚያ ላይ ደግሞ እኛ ታማሚዎች ልናደርገው የምንችለው አለ።

የእኔ ሳል ሲጀምር በብየዳው ጭስ አሳበብኩት። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ እርሳስ ሳቀልጥ ነው የምውለው። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አሞክሳሲሊን ሰጡኝ። አልለቀቀኝም። ተመልሼ ስሄድ ሲፕሮ ሰጡኝ። በሲፕሮው ትንሽ ሻል አለኝ። ከዚያ ብሶበት መጣ።

እዚህ ላይ ልቁም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ቲቢን ለጊዜው ያዳፍኑታል እንጂ አያድኑትም። ሳሉ ቀነስ ይላል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይቀመጣል፣ ምርመራው ይዘገያል። ከዚህም የከፋው፣ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒቶች መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ከሚሰጡት ውስጥ መሆናቸው ነው። ቲቢው ሳይታወቅ በየፋርማሲው እየገዙ መዋጥ በኋላ የሚያስፈልገንን መሣሪያ አሁን ማደንዘዝ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለባችሁ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመዋጣችሁ በፊት "አክታዬ ይመርመርልኝ" በሉ። ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኝ ጀመር። ክብደቴን ሚዛን ላይ ወጥቼ አላየሁትም፤ ቀበቶዬ ነው የነገረኝ። በመበየጃ ካውያዬ ጫፍ አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፤ ቆይቼ ደግሞ ሌላ ጨመርኩ። በመጨረሻ የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሱቄ ስልኳን ልታሠራ መጥታ ሳስል ሰማችኝ። "አንተ፣ ይሄ ሳል ስንት ጊዜው ነው?" አለች። ስነግራት ስልኳን ትታ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች ማለት ይቻላል።

አክታ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከፊቴ ከዳባት በኩል የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ኩባያቸውን ለነርሷ ሰጧት። ብርሃን ላይ አንስታ አየችውና መለሰችላቸው።

"አባቴ፣ ይሄ ምራቅ ነው።"

"ልጄ፣ ከአፌ ሌላ ምን ላውጣልሽ?"

"ከአፍዎ አይደለም የምፈልገው፤ ከሳንባዎ ነው።"

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ምራቅ ብቻ ከሆነ ባክቴሪያው ላይኖርበት ይችላል። ማሽኑም በሐቅ "የለም" ይላል። ታማሚው ነጻ ነኝ ብሎ ይሄዳል፤ በሽታው ግን ደረቱ ውስጥ አለ።

ነርሷ ያሳየችን እንዲህ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ የሚወጣው አክታ የተሻለ ነው። ከቁርስ በፊት አፍን በንጹሕ ውኃ ብቻ መጉመጥመጥ። ከዚያ ውጭ፣ ነፋስ ያለበት፣ ሰው የማይቆምበት ቦታ መሄድ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወይም ወረፋው መሃል አይሆንም። አየር በረጅሙ ስቦ፣ ትንሽ ያዝ አድርጎ መተንፈስ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ፣ ከዚያ ከሆድ ጀምሮ ማሳል። የሚወጣው ወፈር ያለ፣ የሚዝለገለግ ነገር መሆን አለበት። ማሽኑ ቢያንስ አንድ ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቢሆን ግን ላብራቶሪው ይመቸዋል፤ መድገም ቢያስፈልግ ትርፍ ይኖረዋል። ክዳኑን ጥብቅ። ስም የሚጻፈው ኩባያው ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ እንዳልሆነ እዩ፤ ክዳን ይቀያየራል።

አክታ አልመጣ ካለ አታፍሩ፤ ተናገሩ። ጨው ያለበት እንፋሎት በማሽን አስተንፍሰው የሚያወጡበት መንገድ አለ። ምራቅ ሞልቶ ከመስጠት "አልወጣልኝም" ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ማሽኑ። የላብራቶሪው ባለሙያ ደንበኛዬ ሆኖ ተገኘ፤ የተሰበረ ስክሪን ቀይሬለታለሁ። እኔ ደግሞ ማሽን ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። በመስኮቱ በኩል እያየሁ ጠየቅኩት፤ ሳይሰለች ነገረኝ።

ማሽኑ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ሳጥን ነው። እዚህ ያየሁት አራት በር አለው፤ በአንድ ጊዜ የአራት ሰው ናሙና ይይዛል፤ እያንዳንዱም ለየብቻው ይሠራል። አክታው ላይ የእጥፉን ያህል ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ፈሳሹ አክታውን ያቀጥነዋል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክመዋል። በደንብ ይናጣል፣ 15 ደቂቃ ይቀመጣል፣ መሃል ላይ እንደገና ይናጣል። ከዚያ በፕላስቲክ ጠብታ መሳቢያ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህሉ ካርትሪጁ ውስጥ ይገባል። ካርትሪጁ ጭብጥ የማይሞላ ፕላስቲክ ነው። ሆዱ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ሥራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ያልቃል። ባርኮዱ ይነበባል፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ካርትሪጁ ገብቶ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሰው እጅ አይገባበትም። ማሽኑ ራሱ ያጥባል፣ ባክቴሪያውን በድምፅ ሞገድ ይሰብራል፣ ዲኤንኤውን ያወጣል፣ የሚፈልገውን ቁራጭ ደጋግሞ ያባዛል።

መድኃኒት መላመዱን ለማወቅ የሚፈልገው ቁራጭ አርፒኦቢ የሚባል ዘረመል ላይ ያለ የ81 ፊደል ርዝመት ነው። ሪፋምፒሲን ባክቴሪያውን የሚገድለው እዚያ ዘረመል በሚሠራው ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ሥራ በማስቆም ነው። ከፊደላቱ አንዱ ሲለወጥ መድኃኒቱ መጣበቂያ ያጣል፤ ቀጭኑ የኖኪያ ቻርጀር ታይፕ ሲ ስልክ ላይ እንደማይሰካው። ሪፋምፒሲንን ከተላመዱት የቲቢ ባክቴሪያዎች ውስጥ 95 በመቶ ገደማዎቹ ለውጣቸው እዚያችው 81 ፊደል ውስጥ ነው። መላመዱን ለማወቅ ማሽኑ ሌላ ቦታ ሳይደክም እዚያ ብቻ የሚያየው ለዚህ ነው። ፍጥነቱም ከዚህ ይመጣል።

ሌላው ያስገረመኝ የዓይኑ ጥራት ነው። በማይክሮስኮፕ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ መኖር አለበት። አልትራ 16 ገደማ ይበቃዋል። "ማይክሮስኮፕ ታይቼ ነጻ ነህ ተብያለሁ" የምትሉ ሰዎች፣ ሳሉ ካልለቀቃችሁ በጂን ኤክስፐርት እንዲታይ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ የደገፈው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም ሕክምናውም በነጻ ነው።

ማሽኑ ያለበት ቦታ ሩቅ ቢሆንም ታማሚው መጓዝ የለበትም፤ አክታው ነው የሚጓዘው። ፖስታ ቤት ሳይቀር ናሙና በማቀዝቀዣ ሳጥን ያመላልሳል። ከመተማ ወይም ከደባርቅ እያሳሉ ሚኒባስ ተጭኖ መምጣት ለራስም ለአብሮ ተጓዥም ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ቅርባችሁ ባለው ጤና ጣቢያ "ናሙና ትልካላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

መብራትንም ሳልናገር አላልፍም፤ ሙያዬ ነው። ምርመራው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋና መጠባበቂያ ባትሪው (ዩፒኤሱ) ባይችል ያ ካርትሪጅ ይጣላል፤ እንደገና አይሠራም። በአዲስ ካርትሪጅ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ካርትሪጅ ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። "ውጤት አልደረሰም፣ ኢረር ብሏል" ሲሏችሁ አትቆጡ። ኢረር ወይም ኢንቫሊድ ማለት ታመሃል ወይም ድነሃል ማለት አይደለም፤ ምርመራው አልተሳካም፣ ይደገም ማለት ብቻ ነው። ግን ይደገም! ዝም ብላችሁ እንዳትቀሩ።

የእኔ ውጤት ማሽኑ ላይ የወጣው አክታውን በሰጠሁበት ቀን ነው። ለእኔ የደረሰኝ ግን በዚያ ቀን አይደለም። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ስልክ ቁጥሬ ሲጻፍ አንዷ ቁጥር ተሳስታለች። እነሱ ይደውላሉ፣ የማያውቁት ሰው ያነሳል። እኔ ሱቄ ተቀምጬ "ካልደወሉማ ደህና ነው" እላለሁ። የጎንደር ስልክ ግማሹን የምጠግነው ሰውዬ በስልክ ጠፋሁ፤ እስካሁን ሰው ይስቅብኛል። በስተኋላ እናቴ ናት "ሂድና ጠይቅ" ብላ ያስወጣችኝ።

ስለዚህ ከምርመራው በኋላ ያለው ክፍል እንዲህ ይሁን። ቁጥራችሁ ሲጻፍ ዓይናችሁ እያየ ይሁን፤ ጮክ ብላችሁ አስነብቡ። የራሳችሁ ስልክ የሚዘጋ ከሆነ የሚስት፣ የወንድም ወይም የጎረቤት ቁጥር ጨምሩ። መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ፤ በተባለው ቀን ካልተደወለ በእግራችሁ ሂዱ። ዝምታ ውጤት አይደለም።

ወረቀቱን ደግሞ ራሳችሁ አንብቡት። እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው ኤምቲቢ ይላል፤ ቲቢው ማለት ነው። "ዲቴክትድ" ካለ ተገኝቷል፤ "ኖት ዲቴክትድ" ካለ አልተገኘም። ሁለተኛው መስመር ሪፍ ሬዚስታንስ ይላል። እዚህ ጋ ሰው ይደናገራል። "ኖት ዲቴክትድ" ካለ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን አልተላመደም ማለት ነው፤ ቲቢ የለብህም ማለት አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ሁለተኛውን መስመር ብቻ አንብቦ በደስታ ሊበር ነበር። "ትሬስ" የሚል ከመጣ ደግሞ ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ ስለ መድኃኒቱ መናገር አልቻለም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ቀጣዩን ይወስናል።

የእኔ ሁለቱም መስመር "ዲቴክትድ" ይል ነበር። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ "ረጋ በል" አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሁለተኛ አክታ ጠየቀኝ። ምነው አልኩ፣ ማሽኑ ተናግሮ የለ? ምክንያቱን አስረዳኝ። እኔ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስጄ አላውቅም፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው ጋር ኖሬም አላውቅም፤ ቢያንስ እስከማውቀው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ማሽኑ "ተላምዷል" ሲል፣ በተለይ ባክቴሪያው ጥቂት ከሆነ፣ አልፎ አልፎ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አክታ ይደገማል። ደገምነው፤ ያው ሆነ። ሁለተኛ አክታ ስትጠየቁ "የመጀመሪያውን ጥለውብኝ ነው" ብላችሁ አትከራከሩ። ለጥቅማችሁ ነው።

በዚያው ሌላ ናሙናም ተላከ። የመጀመሪያው ምርመራ ስለ ሪፋምፒሲን ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላውን ዋና የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን ያለበትን የመድኃኒት ቤተሰብና ሌሎችንም የሚያዩ ሌላ ካርትሪጅና ሌሎች የዘረመል ምርመራዎች አሉ። የባክቴሪያ ማሳደጉም አልቀረም፤ ለአንዳንዶቹ አዳዲስ መድኃኒቶች አሁንም የሚታመነው እሱ ነው። ሕክምናው ግን እነዚህን ሁሉ ተቀምጦ አልጠበቀም። ተጀመረ፤ ውጤት ሲመጣ የሚስተካከል ካለ ይስተካከላል ተባልኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ "መድኃኒት አቋርጠህ ነው አይደል?" ይለኝ ነበር። ዘመድ ይለኛል፣ ጎረቤት ይለኛል። ምኑን ነው የማቋርጠው? ያልጀመርኩትን? እውነት ነው፣ ባክቴሪያው መድኃኒት የሚላመደው ሕክምና ሲቆራረጥ ወይም ሲዛባ ነው። አንዴ ከተላመደ በኋላ ግን እንደማንኛውም ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ከተላመደው የተቀበለ ሰው ገና ከመጀመሪያው የተላመደ ነው የሚይዘው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ተዘግቶ ከጎኔ ማን እንዳሳለ እኔ የት አውቄ። ስለዚህ "እኔ አዲስ ታማሚ ነኝ፣ የተላመደ አይሆንም" ብላችሁም አትሟገቱ። ለዚህ ነው ምርመራው የመጀመሪያዋ ኪኒን ከመዋጧ በፊት መደረግ ያለበት። ተራውን የስድስት ወር መድኃኒት ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ሽንቴ በሪፋምፒሲን ይቀላል፣ እኔም እየሠራልኝ ነው እላለሁ፣ ባክቴሪያው ግን ምንም አይሆን።

ሕክምናውን ቶሎ ልለፈው። ጎንደር ላይ ዕድለኞች ነን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ቀጥሎ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በአገራችን ማከም ከጀመሩት ቀደምቶቹ ነው። ሕክምናውም ተለውጧል። ድሮ 18 ወር፣ ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ለወራት በየቀኑ መርፌ ነበረው። ቀጠሮ ላይ ያገኘኋት አንዲት እህት በዚያ ዘመን የታከመች ናት። ቲቢው ለቋታል፤ መርፌው ግን ጆሮዋን ወስዶታል። ከንፈሬን እያየች ነበር የምታወራኝ። እኔ የወሰድኩት በኪኒን ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የመከረው የስድስት ወሩ፦ ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን። ለሁሉም ሰው አይሰጥም፤ ሐኪም ነው የሚለየው።

ኪኒኑም ቢሆን ጠላ አይደለም። ቤዳኩዊሊን የልብ ምትን ስለሚነካ በየጊዜው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳል። ሊኔዞሊድ ደም ሊያሳንስ፣ ነርቭና ዓይን ሊነካ ይችላል። ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሥዕል እያሳዩ "ይሄ ስንት ቁጥር ነው?" ሲሉኝ እንደ ሕፃን ልቤ ይመታ ነበር። ቀዩን ሽቦ ከአረንጓዴው ካልለየሁ ሥራዬ አለቀለት። ዓይኔ ደህና ሆነ፤ እግሬን ግን ያደነዝዘኝ፣ እንደ መርፌ ይጠቀጥቀኝ ጀመር። በዚያው ቀን ተናገርኩ፤ ሐኪሙ መጠኑን አስተካከለልኝ። ይቺን ሳይናገሩ ችለው የሚቀመጡ አሉ። አትቻሉት።

እናቴ መጀመሪያ ጠበል ልውሰድህ ብላ ነበር። አልተጣላኋትም። የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። "ልጄ፣ ኪኒንህን ይዘህ ና፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም" አሉ። በዚህ ተገላገልኩ። አንድ ነገር ብቻ፤ ጠበል ቦታ ሰው ይጠጋጋል፣ አዳር አለ። ሐኪሙ "አሁን አታስተላልፍም" እስኪለኝ ድረስ ሰው የሚተፋፈግበት አልሄድኩም፤ ካለብኝም ማስክ አደርግ ነበር።

ጎረቤቶቼ ቡና ሲጠሩኝ ለእኔ ለብቻዋ የተለየች ሲኒ አስቀምጠው ነበር፤ ጠርዟ የተሸረፈች። ከፋኝ ብል ውሸት አይሆንም። ቲቢ በሲኒ አይተላለፍም፣ በሳህንም፣ በመጨባበጥም፤ በአየር ነው። ሲኒ ከመለየት መስኮት መክፈት ይሻላል። ይህን ቡና ለጠሩኝ እትዬ በትህትና ነገርኳቸው። መስኮቱን ከፈቱት፤ ሲኒዋ ግን ለትንሽ ጊዜ ያቺው ነበረች።

ከሁለተኛው ወር በኋላ ሳሌ ጠፋ፤ ኪሎዬም ይመለስ ጀመር። ሄጄ ያንን የላብራቶሪ ወዳጄን "እስቲ ማሽኑ ላይ ድገምልኝ፣ መጥፋቱን ልይ" አልኩት። እምቢ አለኝ። ማሽኑ ዲኤንኤ ነው የሚፈልገው። የሞተ ባክቴሪያም ዲኤንኤ አለው። መድኃኒቱ ገድሎት ሬሳው ሳንባ ውስጥ ቢቀር ማሽኑ አሁንም "ዲቴክትድ" ይላል። ታማሚው ይደነግጣል፣ ሐኪሙም ይሳሳታል። መዳንን የሚያሳየው በየወሩ የሚደረገው የማይክሮስኮፕና የማሳደግ ምርመራ ነው። ማሳደግ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሕይወት ያለው ብቻ ነው የሚያድገው። በሕክምና መሃል ሆናችሁ በግል ቦታ ከፍላችሁ ጂን ኤክስፐርት አታስደግሙ፤ ገንዘብ ከፍሎ ጭንቀት መግዛት ነው።

ቤተሰብ መመርመር አለበት። እናቴና ባለቤቴ አክታና ራጅ ሰጡ፤ ነጻ ሆኑ። ትንሿ ልጃችን ግን አክታ ማውጣት የት ታውቃለች። ድሮ ለሕፃናት በአፍንጫ ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራ መሳብ ነበር። አሁን በሰገራ ይቻላል። ሕፃናት አክታውን ስለሚውጡት ባክቴሪያው ሰገራቸው ውስጥ ይወርዳል። ትንሽ ሰገራ፣ አንድ ግራም የማትሞላ፣ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ ይናጣል፣ ካርትሪጁ ላይ ይሄዳል። ይህን ቀላል መንገድ ካዳበሩት መካከል የአገራችን ባለሙያዎች እንዳሉበት ስሰማ ደስ አለኝ። ቱቦ ይገባባታል ብላችሁ ፈርታችሁ ልጅ አታስቀሩ። የልጃችን ውጤት ንጹሕ ሆነ፤ ቢሆንም ክትትሏ አልተቋረጠም፤ በሽታው ቆይቶ ሊወጣ ስለሚችል።

እኔም ሕክምናው ካለቀ በኋላ እየተቀጠርኩ እታያለሁ። ከዚህ በኋላ ቢያስለኝና ሌላ ከተማ ብታከም መጀመሪያ የምናገረው "መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ታክሜያለሁ፣ በዚህ ቀን ጨርሻለሁ" የሚለውን ነው፤ የድሮው ዲኤንኤ አዲስ መስሎ እንዳያሳስታቸው። የምርመራ ወረቀቶቼንና የሕክምና ካርዴን በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ለባለቤቴም ልኬላታለሁ። ስልክ እንደሚበላሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።